በሩን የለካሁበት ሲባጎ

ሰው ቀብድ ሲከፍል ዕቃ ያዘዘ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩት ግን ቀብድ ማለት ከማያውቁት ሰው ጋር ዝምድና መጀመር መሆኑን ነው። ያውም እንደ ጋብቻ አይደለም፤ በጋብቻ ቢያንስ አስቀድሞ ይጠያየቃሉ።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ጎረቤቶቼ መካከሉን ያውቁታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሚያወሩት ተሳስተው ነው፤ ያሳሳትኳቸውም እኔው ነኝ።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ሰውን ማስተንፈስ የሚጀምርበት ላይ ነው። ታክሲ እስከ ታች ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለውን እግርና እግዜር ያደርሳሉ። ከግቢያችን በስተጀርባ አንዲት ማድ ቤት አለችኝ። በትዕዛዝ ድፎ ዳቦ እየጋገርኩ የምተዳደረው በእርሷ ነው። ለክርስትና፣ ለማኅበር፣ ለምርቃት፣ ለአርባ፤ ሰው ሲወለድም ሲሞትም እኔ ዱቄት አቦካለሁ። የባለቤቴ የታደሰ ጡረታ የመብራትና የውሃ ነው፤ የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከዚያች ማድ ቤት ነው።

ማድ ቤቷ ድሮ የጣውላ በር ነበራት። ምስጥ ከታች ጀምሮ እየበላ ወጣና እጀታው ጋ ሲደርስ በሩ በራሱ ጊዜ ወደቀ። ታደሰ ቆራርጦ አነደደውና "ለሁለት ዳቦ ሆነ" አለኝ። ታደሰ ነገር አያበዛም፤ የምትናገረው ትንሿ ግን ስትወጋ ለሳምንት ትቆያለች።

ከዚያ በኋላ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሳይጠራ ይገባ ጀመር። በበጋ አቧራ ነው፤ እሱንስ በጨርቅ እየሸፈንኩ እከላከላለሁ። የሚያስፈራኝ ክረምቱ ነው። ሦስት ኩንታል ዱቄት የማስቀምጠው በሩ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ሥር ነው። ዱቄት አንዴ እርጥበት ከነካው ሽታው ዳቦው ውስጥ ይገባል። ደንበኛ ደግሞ "ሸተተኝ" ብሎ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ በር ያስፈልገኝ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ በዚህች በር ጦስ የመጣ ነው።

ታች አስፋልቱ ዳር "በርና መስኮት፣ አጥር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ሴራሚክ፣ የሻወር ዕቃ" የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሱቅ አለ። ከኋላው ብየዳ ቤት ነው። ባለቤቱ ግርማ ይባላል፤ ዕድሜው ከበኩር ልጄ ጋር እኩል ነው። ብረት ከሚበይደው ይልቅ ሰው የሚበይድበት አንደበቱ ይበልጣል።

"ማዘር፣ ይሄ ላሜራ የወፍራሙ ነው" አለኝ በጣቱ እያንኳኳ። "ይሄን ከሰቀሉ በኋላ ጅብ ቢመጣ እንኳን አንኳኩቶ ነው የሚገባው።"

"የቸገረኝ ጅብ አይደለም፤ ዝናብ ነው።"

"ዝናቡም ያንኳኳል።"

ሳቅኩ። እዚያ ላይ ነው የተሸነፍኩት። ሰው ከሳቀ በኋላ ዋጋ አይከራከርም። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁት፤ እርሱም ከደብተር ቀዶ ደረሰኝ ጻፈልኝ። "ልኬቱን ነገ ሠራተኛ ልኬ አስወስዳለሁ" አለ።

አራት ነገዎች አለፉ። በአራቱም ቀን ከቤት ሳልወጣ ጠበቅኩ። በአምስተኛው ደወልኩለት።

"ማዘር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ለምን ራስዎ ለክተው አያመጡልኝም? ሜትር የለዎትም?"

"አለኝ" አልኩት። አልነበረኝም። ለምን አለኝ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ሰውየው ድሃ እንዳይለኝ ይሆናል፤ ሜትር የሌለው ድሃ ነው ያለኝ ግን ማንም የለም።

ዕቃ ታስሮበት የመጣ አረንጓዴ ሲባጎ ነበረኝ። ከእርሱ ቆረጥኩና ለካሁ። ዘዴዬን ስሙ፤ በኋላ ይፈለጋል። አንድ ሲባጎ፣ መካከሉ ላይ አንድ ቋጠሮ። ከቋጠሮው ወዲህ ያለው አጭሩ ስፋት ነው፤ ከቋጠሮው ወዲያ ያለው ረጅሙ ቁመት ነው። ሁለት ጊዜ ለክቼ፣ ትልቁን የዳቦ መጋገሪያዬን በሁለት እጄ ይዤ ወጥቼ ገብቼ አረጋገጥኩ። ታደሰ ፀሐይ እየሞቀ ያየኛል።

"ከጎረቤት ሜትር ተዋሺ" አለኝ።

"ሜትር ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥር ደግሞ ሰው ተሳስቶ ያነበዋል። ሲባጎ ምን ይነበብበታል?"

ይህን ንግግሬን ታደሰ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስታውሶኛል።

ሲባጎውን ጠቅልዬ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩና ወረድኩ። በዚያው ሾላ ገበያ ብቅ አልኩ፤ እንቁላል የምትጥልልኝ ዶሮ ፈልጌ ነበር። አንዲት ቀይ ቄብ ተስማምቼ፣ እግሯን ታስራ ተቀበልኩና ታክሲ ያዝኩ። የገበያ ሰው አስተሳሰር ታውቁታላችሁ፤ ገዢው ዞር እስኪል ድረስ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ታክሲው መንገድ ሲጀምር ዶሮዋ ተፈታች። መጀመሪያ ጭኔ ላይ ነበረች፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ፤ ከዚያ ከፊቴ የተቀመጠ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ትከሻ ላይ። ሰውዬው ስልክ እያወራ ነበር፤ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ሲል ዶሮዋ ጮኸች። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና "ማዘር፣ ለእርሷም ይከፈላል ወይስ ዘመድ ናት?" አለኝ። ሰው ይስቃል፣ ሰውዬው ይቆጣል፣ ላባ ይበናል። በዚያ ጭንቅ መካከል እንደምንም ይዤ፣ እጄ በገባው ነገር እግሯን አስሬ፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ ወረድኩ።

ግርማ ሲባጎውን ተቀብሎ አየኝ።

"ማዘር፣ ሲባጎ ነው?"

"ሲባጎ ነው። ከቋጠሮው ወዲህ ስፋት፣ ከቋጠሮው ወዲያ ቁመት።"

እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደገመልኝና ከሌሎች ትዕዛዞች ጋር ምስማር ላይ ሰቀለው። ዶሮዋን ቤት ወስጄ አንዱን እግሯን ፈታሁላት። ግቢውን እስክትለምድ ለመያዝ እንዲመቸኝ ብዬ በሌላው እግሯ ላይ ያለውን ገመድ ተውኩት። በር በሌለው ማድ ቤቴ ስትገባና ስትወጣ ገመዷን ትጎትታለች።

በሩ በግንቦት ደረሰ። ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን አወጡት፤ ግርማም ከኋላ ተከትሎ መጣ። አቆሙት። ቁመቱ በልኬ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር። ስፋቱ ግን በአንድ ስንዝር ያንስ ነበር። ያንን ክፍተት እያየን ሳለ የጎረቤት ድመት ገብታ ወጣችበት።

ግርማ አልደነገጠም። "ምንም አይደል። ግድግዳውን በሲሚንቶ እንሞላዋለን።"

መጋገሪያዬን አመጣሁና በበሩ ላሳልፍ ሞከርኩ። መቃኑ ላይ ገጭቶ ቆመ።

"ዳቦዬስ?"

"ማዘር፣ ቆርሰው ያውጡት።"

ይህን ያለው ሳያስብ እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ደሜ ፈላ። ድፎ ዳቦ ደጋሹ ቤት ሙሉውን ገብቶ፣ ቄስ ወይም ሽማግሌ ባርኮት ነው የሚቆረሰው። ተቆርሶ የመጣ ዳቦ ለክርስትና ባቀርብ የሕፃኑ እናት በዓይኗ ነው የምትገድለኝ።

"በሩን ውሰድ፤ ቀብዴን መልስ" አልኩት።

"ላሜራው እኮ ተቆርጧል። የሠራሁት በሰጡኝ ሲባጎ ነው።"

"የሰጠሁህ ሲባጎ እንዲህ አልነበረም።"

"ታዲያ ሲባጎ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያጥራል?"

በሩ ተመልሶ ዳገቱን ወረደ። በዚያ ቀን ያተረፉት ሁለቱ ተሸካሚዎች ብቻ ናቸው።

ቀብዴን ለማስመለስ መመላለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ አስከፈተልኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ ስወጣ በእጄ የነበረው የሻወር ዕቃ ሥዕል ያለበት ወረቀት ነው። ሁለተኛ ስሄድ "ሰኞ" አለኝ፤ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ግን አላለም። ለሦስተኛው ተዘጋጀሁ። ዳገቱን እየወረድኩ የምናገረውን ቃል በቃል አጠናሁ። "ልጄ ብትሆን ኖሮ" የሚል ነበረበት፤ "እግዜር ያያል" የሚልም ነበረበት፤ መጨረሻው ላይ ለራሴም አስፈራኝ።

ሱቁ ዝግ ነው። ጎን ያለችውን ባለሱቅ ሴትዮ ጠየቅኩ።

"አልሰሙም እንዴ? አባቱ አረፉ። ድንኳኑ እዚያ ላይ ነው።"

ባትነግረኝ ኖሮ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። አሁን ግን ሰምቻለሁ፤ ከሰሙ ደግሞ መድረስ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ቀብዴን የሚል ሰው እስካሁን አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ አንዷ ሴትዮ ቢላዋ ይዛ መጣችና "እናቴ፣ ቢያግዙን" አለችኝ። ከድንኳኑ ጀርባ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ጠበቀኝ። ስልጥ እንባዬ ይወርዳል። የሚያልፉት ሴቶች እርስ በርሳቸው "ምናቸው ትሆን? እንዴት አንጀቷን በልቷታል" ይባባሉ ነበር።

በዚህ መሀል ግርማ አየኝ። ዓይኑ አብጧል፣ ጺሙ አድጓል። መጣና ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

"እትዬ፣ እርስዎም መጡ።"

"እግዜር ያጽናህ" አልኩት። ያጠናሁትን ንግግር ሁሉ እዚያው ተውኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዘርነቴ አብቅቶ እትዬ ሆንኩ። በማግሥቱ ደግሞ ባዶ እጅ መሄድ አፈርኩና ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩ።

"ቀብድሽን ተቀበልሽ?" አለኝ ታደሰ ስመለስ።

"ዳቦ ሰጠሁ።"

"ጥሩ አድርገሻል። ነገ ደግሞ ማድ ቤቱን ስጪው።"

አርባው ሳይወጣ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው። አርባው ደግሞ የሚወጣው ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው። ዝናቡ ግን የማንንም አርባ አይጠብቅም። በበሩ ቦታ ላስቲክ ሰቀልኩ፤ በሁለተኛው ቀን ነፋስ ወሰደው፤ ከእኛ በታች ያለች ጎረቤቴ ልብሷን ስትሰበስብ አግኝታው መለሰችልኝ። ደግሜ ሰቀልኩ። አንድ ኩንታል ከታች ረጠበና የረጠበውን እያፈስኩ ለዶሮዋ ሰጠሁ። እርሷ ብቻ በዚያ ክረምት ወፈረች። የቀሩትን ሁለት ኩንታሎች መኝታ ቤት አስገባሁ። ታደሰ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ ይነሳ ነበር። ለምርቃት ያዘዘችኝ አንዲት ሴት ማድ ቤቱን አይታ "ሌላ ጊዜ" ብላ ሄደች። ሌላ ጊዜ የሚባለውን ቀን እኔም እንደ ግርማ ሰኞ አውቀዋለሁ።

አርባው ሲቃረብ ስልኬ ጮኸ። ግርማ ነው።

"እትዬ፣ ለአባቴ አርባ ሁለት ትልልቅ ዳቦ ፈልጌ ነበር።"

"እሺ ልጄ። ቀብድ ያስፈልጋል።"

"እትዬ፣ እኔ ዘንድ አለ አይደል እንዴ?"

"ያ የበር ነው። ይሄ የዳቦ ነው።"

ወዲያው በስልክ ላከልኝ። ዳቦዎቹን እንደ ልጆቼ ሠርግ ተጠንቅቄ ጋገርኳቸው፤ ሙሉ ለሙሉ፣ ሳይነካኩ ወጡ። በር ስላልነበረ ነው የወጡት፤ ይህን ግን ለግርማ አልነገርኩትም።

አርባው እንዳለቀ ሽማግሌ ያዝኩ። ሁለት ናቸው። አንዱ መሪጌታ ናቸው፤ ሰፈራችን ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ሌላው ኦቦ ቱሉ ናቸው። የእኛ ሰፈር በሙሉ ድሮ የእርሳቸው እርሻ ነበር፤ ማድ ቤቴ የቆመችበት ላይ ገብስ አጭደዋል። ዛሬ ልጃቸው እንጦጦ ፓርክ ተቀጥሮ ይሠራል፤ እርሳቸው ደግሞ ሰው ያስታርቃሉ። ነገሩን በአማርኛ ይጀምሩታል፤ ሲናደዱ ኦሮምኛ ይገባሉ፤ ፍርድ ሲሰጡ በሁለቱም ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዕድሜም በወርድም።

ግቢያችን መጡና በሌለው በር ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ግርማ ሲባጎውን ይዞ መጣ። ኦቦ ቱሉ ራሳቸው ተነስተው ለኩ። ቁመቱ ገጠመ። ስፋቱ አንድ ስንዝር ጎደለ። የሲባጎውን ጫፍ ወደ ብርሃን አነሱት።

"ይሄ በመቀስ አልተቆረጠም" አሉ። "ተበልቷል።"

"አይጥ ነው" አልኩ ወዲያው። "የእርሱ ብየዳ ቤት አይጥ።"

"እትዬ፣ ብረት ቤት ውስጥ አይጥ ምን ይበላል?" አለ ግርማ።

"ሲባጎ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ግን የምሬን ነበር። "አስተካክዬ ለክቼ እንደሰጠሁት ከፈለጋችሁ በሚካኤል እምላለሁ" ስል መሪጌታ እጃቸውን አነሱ።

"ለሲባጎ ሚካኤልን አታስቸግሪ፣ ልጄ።"

ያንን እጅ ስላነሱ ዛሬ ድረስ አመሰግናቸዋለሁ።

ኦቦ ቱሉ ወደ ግርማ ዞሩ። "ባለሙያው አንተ ነህ። ሜትር ይዘህ ይሄን ዳገት ብትወጣ ኖሮ አይጡም አይከሰስም ነበር። ሲባጎው የሰነበተው አንተ ዘንድ ነው፤ የበላውም ይብላው፣ ጠባቂው አንተ ነበርክ። የሴትዮዋን ቀብድ መልስ።" ከዚያ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጨመሩ። ግርማ አንገቱን ደፋ። ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። "ይቅር ለእግዜር" ተባባልን።

አሥራ ሁለት ሺዬን ይዤ በኩራት ተኛሁ። ጠዋት ማድ ቤት ሆኜ እያቦካሁ ሳለ ዶሮዋ እንደ ልማዷ ገባችና የቡሆው ዕቃ ላይ ልትወጣ ዘለለች። የእግሯን ገመድ ይዤ ሳብኳት። ገመዱ ጭቃ ለብሷል። ሊጥ የነካው እጄ ጭቃውን ሲጠርገው አረንጓዴ ሆነ። ጫፉ ተበልቷል።

ጥርሴን በምላሴ ነካሁት።

ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣልኝ፤ ታክሲው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰውዬ፣ በግራ እጄ የያዝኳት ዶሮ፣ በቀኝ እጄ ዘንቢሌን ስፈትሽ ያገኘሁት ሲባጎ። መቀስ ስለሌለኝ በጥርሴ ነው የበጠስኩት። አይጧ እኔ ነበርኩ።

ታደሰን ጠራሁት። ገመዱን አየ፣ እኔን አየ።

"ታውቅ ነበር እንዴ?"

"ሲባጎ መሆኑን አይቻለሁ። የበሩ መሆኑን ግን ዶሮዋ አልነገረችኝም።"

"አሁን ምን ላድርግ?"

"ዶሮዋን እንብላትና ነገሩ ይለቅ" አለ።

እንዳልዋሻችሁ፣ ሽንኩርት ስንት ራስ እንደቀረኝ በዓይኔ ፈለግኩ። ማንም አያውቅም። ሽማግሌ ፈርዷል፤ ብሩ እጄ ላይ ነው፤ በዚያ ብር ከሌላ ቤት በር አዝዤ ዱቄቴን ከመኝታ ቤት ማውጣት እችላለሁ። ሽንኩርቱን አንስቼ መላጥ ጀመርኩ። ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ግን ያ የድንኳኑ ጀርባ ትዝ አለኝ፤ "እትዬ፣ እርስዎም መጡ" ያለኝ ግርማ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ብሩን በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ዶሮዋን ብብቴ ሥር አድርጌ ወረድኩ። ግርማ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ምንም ሳልናገር ዶሮዋን ጠረጴዛው ላይ አቆምኳትና "ሲባጎውን አምጣው" አልኩት። ጫፍና ጫፉን አገጣጠመ። የተበላው ከተበላው ጋር ገጠመ።

"በምንዎ ነው የበጠሱት ብለህ አትጠይቀኝ" አልኩት። "ብሩ ይኸው።"

ዶሮዋንና ሲባጎውን ተራ በተራ አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቁን ሲጨርስ ብሩን ወደ እኔ ገፋው።

"አልቀበልም።"

"ያንተ ነው እኮ።"

"እትዬ፣ በሽማግሌ ያለቀ ነገር ነው። ጉልበት ስሜበታለሁ። ኦቦ ቱሉ 'የፈረድነውን መልሶ ተቀበለ' ቢሉኝ ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?"

"እኔስ የማይገባኝን ብር ይዤ የማን ፊት እቆማለሁ?"

ብሩን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሮጦ ደረሰብኝና ዘንቢሌ ውስጥ ከተተው። እኔም ተመልሼ ወርጄ ሴራሚኩ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ወር ሙሉ አልሰጥም ያለኝን ብር አሁን አልቀበልም ብሎ ያባርረኛል። የጎን ሱቋ ሴትዮ በር ላይ ቆማ ታየናለች፤ ምን እንዳሰበች እግዜር ይወቀው።

ያ ጠባቡ በር ሱቁ ጥግ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ያልተሸጠ፣ አቧራ የለበሰ።

"ማንም አልገዛልህም?" አልኩት።

"ማን ይገዛዋል? በዚህ ልክ የተሠራ ቤት በአገሩ የለም።"

"እንግዲያው አዲስ ትዕዛዝ ነው" አልኩ። "ያንን በር አዝዣለሁ። ይሄ ቀብዱ ነው።"

ሻጭ ነውና ቀብድ አልቀበልም ማለት አይችልም። ቀሪውን ዳቦ በሸጥኩ ቁጥር እከፍላለሁ ተባባልን፤ አዲስ ደረሰኝም ጻፈልኝ። ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለሽማግሌዎቹ ግን አይነገርም፤ እርስዎም ይከበሩ፣ ፍርዳቸውም ይከበር" አለኝ። እሺ አልኩት። በዚያው ሳምንት ራሱ መጥቶ በሩን ተከለ፤ በዚህ ጊዜ ሜትር ይዞ ነበር። የጎደለችውን ስንዝር ግንበኛ አምጥቶ አስሞላ። ዱቄቴ ከመኝታ ቤት ወጣ። ታደሰ የራሱ ቀለም ተመለሰለት።

ዳቦዬስ? አሁን ቀዝቅዞ ሲጠነክር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንደ መኪና ጎማ በጎኑ አቁሜ ነው የማወጣው። ሙሉውን ይወጣል። ሲወጣ የሚያየው ሰው ግን ትንሽ ይገረማል።

ነሐሴ ላይ ሽማግሌዎቼን ላመስግን ብዬ ዳቦ ጋገርኩና ጠራኋቸው። ግርማንም ጠራሁ። ዝናብ ስለመጣ ማድ ቤት ውስጥ ነው የተቀመጥነው። መሪጌታ ቀጭን ናቸው፤ ገቡ። ኦቦ ቱሉ በጋቢያቸውና በከዘራቸው ሆነው ሲገቡ ጋቢያቸው መቀርቀሪያው ላይ ተያዘ። ወደ ፊት ሲሉ ያዛቸው፤ ወደ ኋላ ሲሉ ዝናብ ነው። ግማሽ ገብተው ግማሽ ቀርተው ቆሙ።

"ይሄን በር ማን ነው የለካው?" አሉ።

"እኔ ነኝ አባባ" አለ ግርማ ወዲያው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ ጀመሩ። ያ ማለት ተናደዋል ማለት ነው። ግርማ አንገቱን እንደ ያን ቀን ደፋ። እኔ ዳቦውን በጎኑ አቅፌ ቆሜያለሁ። ዝም ብል አንዲት ቃል ሳትወጣኝ ያልፋል፤ እሺ ብዬ ቃል ሰጥቼበታለሁ። ግን ሰውየው በአንድ ሲባጎ ሁለት ጊዜ ሲቆጡት ማየት አቃተኝ። ዳቦውን አስቀመጥኩ።

"ዋሽቶ ነው" አልኩ። "የለካሁት እኔ ነኝ፤ የበጠስኩትም እኔ ነኝ። አይጥ የሚባል የለም።" ታክሲውንም፣ ሰውዬውንም፣ ዶሮዋንም አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ኦቦ ቱሉ ጋቢያቸውን አስለቅቀው ገቡና ተቀመጡ። ዶሮዋ እንድትቀርብ ጠየቁ። ግርማ ይዞ አቀረባት። እግሯን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ከዚያ እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

"ጥርስሽ ግን ደህና ነው" አሉ።

መሪጌታ ያኔ ነው ሳቃቸው የመጣው። ኦቦ ቱሉ ግን ፍርዳቸውን በሁለቱም ቋንቋ ሰጡ። ግርማ ሜትር ይዞ ባለመውጣቱ ያለበት ጥፋት እንዳለ ይቀራል። እኔ ደግሞ በሌለ አይጥ ያመካኘሁበት ካሳ አለብኝ፤ የግርማ አባት ተዝካር በወጣ ቁጥር ዳቦው ከእኔ ነው፣ ያለ ቀብድ። ሁለታችንም እሺ አልን። ዳቦው ተባረከ፤ እዚያው ውስጥ ተቆረሰ፤ ስለዚህ በበሩ ለማውጣት አልተቸገርንም።

በሩ ጥሩ በር ነው፤ አንድ ጠብታ ውሃ አያስገባም። እኔ በጎኔ እገባበታለሁ። ታደሰ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ቁመቱ ልክ ነው ብዬ ብነግረው፣ "በቁመቱም አላምነውም" ይላል። ሳይዞርም ሳያጎነብስም፣ ደረቷን ነፍታ በመካከሉ የምታልፍ በቤታችን አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም ሲባጎዋ አሁንም እግሯ ላይ ነው።